አልደፋም ያለችው ችኮ

«ድፊው።»

«አልደፋም።»

በዚህ ላብራቶሪ አለቃዋን እምቢ ያለ ሰው ታይቶ አይታወቅም።

እሳቸው አርባ ዓመት ሙሉ መድኃኒት የቀመሙ አንጋፋ ናቸው። እሷን ደግሞ ባልደረቦቿ «ችኮ» ይሏታል... ስም ማውጣት ያውቁበታል።

በእጇ የያዘችው ብልቃጥ የመገጣጠሚያ ሕመም ቅባት ነው። መድኃኒቱ በዓይን በማይታዩ ደቃቅ የስብ ከረጢቶች ውስጥ ተቋጥሯል... ቆዳን ሾልከው ወደ ውስጥ እንዲያደርሱት።

እናቷ ክኒን በዋጡ ቁጥር ጨጓራቸው ይቃጠላል። ካልዋጡ ደግሞ ጉልበታቸው አያስተኛቸውም።

ለእሷ ይሄ ቅባት ሥራ ብቻ አልነበረም።

ግን ውሃ ላይ በተወጠረ የመሞከሪያ ቆዳ ሦስቴ ተሞከረ... ሦስቴም መድኃኒቱ ቆዳውን አላለፈም።

«አንቺ ልጅ፣ ስብ ቆዳ ላይ ይቀራል እንጂ አያልፍም። ዓርብ ሥራው ይዘጋል።»

«ጋሼ፣ በተሠራበት ቀን ስሞክረው ያልፋል። ሲያድር ነው የሚበላሸው።»

«ሰበብ አታብዢ።»

እሷ ግን አዲስ ቅባት ሠራችና ለሁለት ብልቃጥ ከፈለችው።

አንዱን በተለመደው ፍሪጅ አስቀመጠች። ሌላውን ለማንም ሳትናገር መጋዘን ያለው አሮጌ ፍሪጅ ውስጥ ደበቀችው... በሩ በፕላስተር የሚዘጋው።

ዓርብ ሁለቱንም እሳቸው ፊት ሞከረቻቸው።

በተለመደው ፍሪጅ የነበረው ፈተናውን ወደቀ።

የተደበቀው... መድኃኒቱ ቆዳውን አልፎ ከሥር ያለው ውሃ ውስጥ ተገኘ።

«ይሄኛው የት ነበር?»

«መጋዘን። ያኛው እዚሁ ቦታው ላይ ነው ያደረው።»

አለቃዋ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«እዚህ አላደረም» አሉ ቀስ ብለው። «እንዳይበላሽ ብዬ... ስወጣ ፍሪዘር ውስጥ እቆልፍበታለሁ። ጠዋት ከሁላችሁም ቀድሜ ገብቼ እመልሰዋለሁ።»

ለካ ከረጢቶቹን ሲያፈነዳቸው የከረመው በረዶው ነው... አስገቢው ደግሞ ራሳቸው!

ችኮ አላለቀሰችም። «አይዞዎት» አላለችም። እጇን ብቻ ዘረጋች።

«ጋሼ፣ የፍሪዘሩን ቁልፍ።»

ከቁልፎቻቸው መሃል ፈትተው ሰጧት... ዓርብም ምንም ነገር አልተዘጋም።

ወዳጆቼ... እኚህ ሰው ክፉ አልነበሩም። ሥራቸውን ይሳሱለታል። ግን የሚጠይቃቸው ስላልነበረ በገዛ እጃቸው ሊገድሉት ነበር። ትልቅ ሰው ማክበር ሌላ፣ እያወቁ ዝም ማለት ሌላ። በዓይናችሁ ያያችሁትን እውነት አትድፉ።

እናንተስ... «ድፊው፣ ድፋው» ተብላችሁ እምቢ ያላችሁበት ቀን አለ? ወይስ ደፍታችሁት እስከ ዛሬ የሚቆጫችሁ ነገር? ሳትፈሩ ኮሜንት ላይ ጻፉት።