ምትኩ የጠፋበት ፎቶ

እታለማሁ ከገጠር ለወንድሟ ልቅሶ ስትደርስ ድንኳኑ ሊነሳ ነበር። «ምትኩን አምጡልኝ!» እያለች ገባችና፣ ከፍ አድርጋ ይዛ ልታለቅስበት ፎቶው ያለበትን ስልክ ከሟች ሚስት ከዘነበች እጅ ነጠቀች።

ወዲያው ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ስክሪኑ ላይ ከተደረደሩት ዘመዶች አንዳንዶቹ ሰው የሚያክል ግራጫ ጭጋግ ሆነዋል። ዘነበች ራሷ በሁለት ጭጋጎች መካከል ቆማ ትስቃለች።

«ወንድሜን ምን አደረጋችሁት?»

«ሕጉ ነው፣ እትዬ» አለች ዘነበች፣ በሻከረ ድምፅ። «መልክ የባለቤቱ ነው ተባለ። ሰው ሲሞት ፈቃዱም አብሮት ይሞታል፤ መልኩም ከፎቶ ሁሉ ይጠፋል።»

ሕጉ ሲወጣ ባሏ እንዴት ደስ ብሎት ነበር! መንገድ ለመንገድ ፊቱን እየቀረፁ የሚሸጡት ሰዎች አንገሽግሸውት ነበር። «ከሞትኩም በኋላ ይዩኝ» ብሎ ለስልኩ ቢናገር ይበቃ ነበር። አንድ ቀን ቁርስ ላይ ሊናገር ሲል አፉን በእጇ የከደነችው ዘነበች ናት። «በጠዋቱ አታሟርት!» ብላ።

ይህን ለእታለማሁ አልነገረቻትም።

እታለማሁ ስክሪኑን በነጠላዋ ጫፍ ወለወለችው። ጭጋጉ አልለቀቀም።

«እሺ፣ የትኛው ነው?» አለች በመጨረሻ። «ወደ የትኛው ልይና ላልቅስ?»

ዘነበች ቀና ሳትል መለሰችላት።

«እኔ ክንዱን ወደያዝኩት።»