የሐሙስ ፍልውሃ

ባሏ ዘርጋው ወገቡን ካመመው ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ሐይቁ ዳር ወዳለችው ከተማ እየሄደ ፍልውሃ ይታጠባል። ድኝ ድኝ እየሸተተ ሲመለስ ወገቡን በቅቤ የምታሸው እሷ ናት። ጎረቤቶቿ «ወገቡን ነው ወይስ ሌላ ነገር?» እያሉ ሲያሽሟጥጡ፣ «የየራሳችሁን ባል ጠብቁ!» ብላ ኩም ታደርጋቸዋለች።

በዚህኛው ሐሙስ ግን ፎጣውን ረስቶ ሄደ። ከሙቅ ውሃ ሲወጣ ብርድ እንዳይመታው ብላ በሚኒባስ ተከተለችው።

«የወንዶቹ በየት በኩል ነው?» አለቻት በረኛዋን።

ሴትዮዋ ሳቀች። «የምን ወንድ? ሐሙስ እኮ የሴቶች ቀን ነው፣ የኔ እህት!»

ፎጣውን አሳየቻት። «ዘርጋው ይባላል። ረጅም ነው፤ ወገቡን ያመዋል።»

«ውይ፣ ጋሽ ዘርጋው! እሱማ የባለትዳሮች ክፍል ነው የሚገባው። እዚያ ቀን አይመረጥም።» ፎጣውን ከእጇ ተቀብላ ፊቷን ትኩር ብላ አየችው። «እህቱ ነሽ መሰለኝ፤ ቁርጥ እሱን!» አለችና መልስ ሳትጠብቅ ሄዳ አንኳኳች።

«ጋሽ ዘርጋው፣ እህትህ ፎጣ ይዛልህ መጥታለች! ሚስትህ በሩን ገርበብ አድርጋ ትቀበለኝ።»