የአረፋ ጠዋት ተምር

አንድ እንግዳ ሰው የሟቹ ሰዓት ሠሪ የበኩር ልጅ ነኝ ብሎ ከመጣ ጀምሮ፣ የሟቹ ሚስት አንድ ቀን እንኳ በስሙ ጠርታው አታውቅም። "ያ አጭበርባሪ" ነው የምትለው።

ሰዓት ሠሪው እሷን ከማግባቱ በፊት በሌላ አገር ሌላ ትዳር እንደነበረው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከዚያኛው ትዳር ልጅ መወለዱን ግን አየሁ የሚል የለም። እንግዳውም "ልጅነቴን በሙሉ አባቴ እጅ ላይ ነው ያደግኩት፤ ሃይማኖቴን ያስተማረኝ እሱ ነው" ከማለት ሌላ የሚያቀርበው ማስረጃ አልነበረውም። ልጅነቱ ከታመነ ቤቱንም ሱቁንም ይካፈላል። ሚስትየዋ ይህን ስታስብ ምግብ አልበላ ይላታል።

የሰፈሩ ሼኽ እንዲዳኙ ተጠሩ።

"ዒድ አልፈጥርና አረፋ በምን ይለያሉ?" ሲሉ ጠየቁት።

"ፈጥር የጾሙ መፍቻ ነው፤ ለድሃ የሚሰጠው ዘካ ከሶላት በፊት ይወጣል። አረፋ የሐጅ ጊዜ ነው፤ እርዱ የሚታረደው ከሶላት በኋላ ነው።"

ሼኹ ደስ አላቸው። ሚስትየዋ አልወደደችውም።

"ይሄንንማ ማንም መንገደኛ ሸምድዶ ይመጣል" አለች። "አባት ያሳደገው ልጅ በአፉ ሳይሆን በእጁ ነው የሚታወቀው። የአረፋ ዕለት ጠዋት ይምጣ፤ እርስዎም ይምጡልኝ።"

በአረፋ ጠዋት፣ ለትዳር የደረሰች ልጇን "ገላሽን ታጠቢ" ብላ ገና በማለዳ ወደ ጓሮ ላከቻት። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሳህን ተምር ራሷ አስቀመጠች። ሼኹ ገብተው ሳህኑን አዩና ሊናገሩ ሲሉ፣ በዓይኗ ዝም አሰኘቻቸው።

እንግዳው አዲስ ልብስ ለብሶ ገባ። ሰላምታ ሰጥቶ ተቀመጠ። ማንም ብላ ሳይለው እጁን ሰደደ፤ ሦስት ተምር በላና ዘሮቹን የሳህኑ ጠርዝ ላይ ደረደራቸው።

"አዩልኝ ሼኽዬ?" አለች ሚስትየዋ።

ሼኹ በረጅሙ ተነፈሱ። "ልጄ፣ ተምር ቀምሶ ወደ ሶላት መውጣት የፈጥር ነው፤ ጾሙ ማለቁ እንዲታወቅ። በአረፋ ሰው ምንም ሳይቀምስ ወጥቶ፣ ሲመለስ ከእርዱ ይቀምሳል። ኃጢአት አይደለም። ግን ሰዓት ሠሪው ያሳደገው ልጅ ይሄ አይጠፋውም።"

እንግዳው ግራ ገባው። "አባቴ በሁለቱም ይበላ ነበር። ወላሂ፣ እኔ የማውቀው እንዲህ ነው።"

"የእኔ ባል? በአረፋ ጠዋት?" ሚስትየዋ ከመቀመጫዋ ተነሣች። "ጭራሽ በሞተ ሰው ላይ ትዋሻለህ? ሼኽዬ፣ ስንት ዓመት አብሯችሁ ሰግዷል፤ እንዲህ ያለ ሰው ነበር?"

"እሱ እንኳ ከመጀመሪያው ረድፍ ጠፍቶ አያውቅም" አሉ ሼኹ። ከዚያ ወደ እንግዳው ዞረው፣ "በል ልጄ፣ መንገድህን ቀጥል። የሰው ቤት አትረብሽ" አሉት።

"ሁለተኛ እዚህ ደጅ እንዳላይህ" አለችው ሚስትየዋ።

እንግዳው ዓይኑ ቀልቶ፣ ጫማውን በቅጡ ሳያጠልቅ ወጣ። ሼኹም ሶላት እንዳይረፍድባቸው ተከትለው ወጡ። ሚስትየዋ በሩን ቆለፈችና ብዙ ቀን የራቃትን እፎይታ ተነፈሰች።

ልጅቷ ፀጉሯን እያደረቀች ከጓሮ ገባች። ሳህኑን ስታይ ፊቷ በራ። ተቀምጣ ሦስት ተምር በላች፤ ዘሮቹንም ጠርዙ ላይ ከነበሩት ቀጥላ ደረደረች።

"አባባ ከሞተ ወዲህ የአረፋ ጠዋት ተምራችንን የምታቀርቢልኝ አልመሰለኝም ነበር፣ እማ።"