የአድማ ሰባሪው ልጅ

ልጁ በሩን ገፋ አድርጎ ሲገባ ሠራተኞች የሚሰበሰቡበት የሕዝብ ቤት ምድር ቤት ጸጥ አለ። ሁለት ሁለት ሆነው ትግል የገጠሙት የጣውላ ፋብሪካ ሠራተኞች እንደተያያዙ ቀሩ፤ አንዱ የባልደረባውን አንገት በክንዱ እንዳነቀ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ልጁ ቁምጣውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ብብቱ ስር ሸጉጧል።

"እንደምን አመሻችሁ" አለ።

አሠልጣኙ ፎልኬ ማን እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ማየት አላስፈለገውም። ኤቨርት ነው፣ የሩበን ልጅ። በመንደራቸው በብሬድሱንድ ከዚያ ቤት ሰው ጋር ሰላምታ የተለዋወጠ ሰው ከጠፋ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ሱቅ ሲገቡ ወሬ ይቋረጣል፤ ቤተ ክርስቲያን ሲቀመጡ አግዳሚው ባዶ ይቀርላቸዋል። ሩበን በትልቁ አድማ ጊዜ ጓደኞቹን ከድቶ ሥራ የገባ ሰው ነዋ። ያውም ከፎልኬ ጋር ድንጋይ ለቅሞ የክለቡን ሜዳ የደለደለ ሰው፤ ሐይቁ በረዶ ሲሠራ፣ ቆልማማ ዱላ ይዘው በበረዶው ላይ የገና ጨዋታ ሲጫወቱ ግባቸውን የሚጠብቅላቸው። ክለቡ ኳሱንም፣ ገናውንም፣ ትግሉንም፣ ሸርተቴውንም አንድ ላይ የያዘ የሠራተኛ ክለብ ስለሆነ ከአንዱ የተባረረ ከሁሉም ተባረረ ማለት ነው።

"ምን ፈልገህ ነው?" አለ ፎልኬ።

"ትግል ልማር ብዬ።"

"እኛ ጋ?"

"ሌላ ክለብ የት አለ?"

"በኋላ በር ይግባ እንጂ" አለ አልጎት ከወዲያ ጥግ። ግንድ የሚያክል ሰው ነው፣ ምላሱም አይተኛለትም። "ቤተሰቡ የለመደው የኋላ በር ነው።"

ሳቁ። የልጁ ጆሮ ቀላ፤ ግን አልወጣም።

ፎልኬ ዙሪያውን ቢያይ ሁሉም ጥንድ ጥንድ ሆኗል። ጥንዱን ለቆ ወደ ልጁ የሚመጣ እንደሌለ ማንም ያውቃል። የቀረው እሱ ብቻ ነው። ሹራቡን አወለቀ።

"ልብስህን ቀይር። እኔ እገጥምሃለሁ።"

ይህን ሲል ደስ አለው፤ ጥሩ ደስታ ግን አልነበረም። በአድማው ጊዜ ፋብሪካው አድመኞቹን ከመኖሪያ ቤታቸው ያስወጣው በየካቲት ብርድ ነበር። ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ማይን ይዞ የጎረቤት ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ተጠጋ፤ ማይ ገና ዳዴ የምትል ነበረች፣ ሳንባዋ አልቻለውም። እሷን በቀበሩ ቀን የሩበን ቤት ጭስ ማውጫ ሲጨስ አይቷል። በሩበን ላይ ያላሳረፈውን እጅ ዛሬ በልጁ ላይ ሊያሳርፍ ነው፤ ይህን ከራሱ አልደበቀም።

ደረቱን አቅፎ አነሳውና ሰጋቱራ በታጨቀበት ፍራሽ ላይ ዘረጋው። አቧራው ቦነነ። ልጁ ተነሳ። ፎልኬ ደገመው፣ ልጁም ዳግመኛ ተነሳ። በሦስተኛው ላይ ፎልኬ አንድ ነገር አስተዋለ። ልጁ ገና ሲያዝ እጁን ይለቃል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፤ እንደ ድንች ጆንያ ሆኖ ይጠብቃል።

እላዩ ላይ እንደተጫነው ወደ ጆሮው ጎንበስ አለ። "ለምን አትታገልም?"

"እናቴ ዝም ብለህ ቻላቸው ብላኛለች።"

"ምኑን ነው የምትችለው?"

"ንዴታችሁ እስኪወጣላችሁ ድረስ" አለ ልጁ።

ፎልኬ ክንዱን አላላ። ለካ ልጁ የመጣው ትግል ሊማር አይደለም፤ በአባቱ ፈንታ ቅጣት ሊቀበል ነው። ፎልኬ አፈረ። ከማፈሩም ብዛት ተናደደ፣ በማን ላይ እንደሆነ ግን አላወቀውም።

"ተነስ!" አለ ሁሉም እንዲሰማው። "እዚህ ቤት ሆን ብሎ የሚወድቅ ሰው አላሠለጥንም። ለመውደቅ ከሆነ የመጣኸው፣ ልብስህን ልበስና ሂድ። ለመታገል ከሆነ ያዘኝ።"

ልጁ አልጎትን አየ፣ በሩን አየ። ከዚያ መጥቶ ያዘው። ክንዱ ግንድ ሲጎትት የደነደነ ነው። ወዲያና ወዲህ ተወዛወዙ፤ ፎልኬ ሊጠመዝዘው ሲል የራሱ እግር ከወለሉ ለቀቀ፣ የጣሪያው አግዳሚ በዓይኑ ላይ ዞረና በጀርባው ተዘረረ። ትንፋሽ አጠረው።

"ኧረ ፎልኬ፣ እዚያው ልታድር ነው እንዴ?" አለ አልጎት።

እንደገና ሳቁ፤ የአሁኑ ሳቅ ግን ልጁን የሚወጋ አልነበረም። ልጁ ፊቱ አመድ መስሎ እጁን ዘረጋ፣ መልሶ ሰበሰበው።

"ይቅርታ ጋሼ።"

"የምን ይቅርታ ነው? ደህና አድርገህ ነው የጣልከኝ።" ፎልኬ የሸሸውን እጅ ቀብ አድርጎ ተነሳ፤ ከተነሳም በኋላ አልለቀቀውም። ዘጠኝ ዓመት ያልጠየቀው ነገር ሳያስበው ከአፉ ወጣ።

"አባትህ እንዴት ነው?"

ልጁ ቀና ብሎ አየው። "ደረቱን ያመዋል። አይወጣም። ጨዋታ ባላችሁ ቀን ብቻ ነው የሚወጣ።"

"ወዴት?"

"ጨዋታውን ሊያይ ነዋ። ከሐይቁ ማዶ፣ ጫካው ውስጥ ቆሞ። ሰው እንዳያየው ጨለም ሲል ነው የሚመለስ።"

ያን ሁሉ ዓመት፣ በዚያ ብርድ፣ ለብቻው። ፎልኬ ወደ አልጎት ዞረ፤ አልጎት ጫማውን እያየ ነው።

"እሁድ ጨዋታ አለን" አለ ፎልኬ። "ከዚያ ከጫካው ሆኖ የወዲህኛው ግብ አይታይም። ፎልኬ ወደዚህ ተሻገር ብሎሃል በለው።"