ከአጥሩ ወዲያ የቀረው ማጨሻ

ባሌ በሩን በትከሻው ገፍቶ ሲገባ፣ ማር ማጣሪያው ውስጥ ያለነው ሴቶች በሙሉ ሥራ አቆምን። ፊቱ ተነፍቷል። ግራ ዓይኑ ጨርሶ ተደፍኗል፤ ቀኙም በቀጭን ስንጥቅ ነው የሚያየው። ከንፈሩ ወደ አንድ ጎን አብጦ የሌላ ሰው መስሏል።

«ማን ልበል?» አለች ሳቂታ የምንላት ጎረቤታችን፣ ወንፊቷን አስቀምጣ። «ቤት ተሳስተው እንዳይሆን ጌታው?»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ጥግ ላይ ተቀምጠው ለቤታቸው የሚወስዱትን ማር የሚጠብቁት የፓርኩ ጠባቂ ጋሼ ሳይቀሩ ሳቁ። «ንግሥቲቱን ምን ብለህ ተናገርካት?» አሉት።

እኔም ልስቅ ነበር። አፌ እንደተከፈተ እጆቹን አየሁ፤ ባዶ ናቸው። ጠዋት ከአጥሩ ወዲያ ወዳሉት ቀፎዎች ሲሄድ በአንድ እጁ ባልዲ፣ በሌላው ማጨሻውን ይዞ ነበር። ማጨሻ ማለት ንቦቹን በጭስ የምናረጋጋበት፣ ሆዱ ውስጥ ኩበት የሚነድበት ቆርቆሮ ነው። ባልዲውስ ይቅር።

ክው አልኩ። የንብ መርፌ የምነቅል መስዬ አግዳሚው ላይ አስቀመጥኩትና ወደ ጆሮው ተጠጋሁ።

«ማጨሻውስ?»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ማጨሻውስ፣ አንተ ሰው?»

«ወረሩኝ። ጣልኩትና ሮጥኩ።»

«ሳታጠፋው?»

«በምን ዓይኔ አጠፋዋለሁ?»

ጫካው ፓርክ ተብሎ የታጠረ ጊዜ ከብቶቻችንን ሸጠናል። እንጨቱም ሣሩም ተከለከለ። ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ነው ቀፎ እንድንሰቅል የተፈቀደልን፤ ዛሬ መንደሩን ያቆመው ጎብኚዎች መግቢያው በር ላይ የሚገዙን ማር ነው። የቤት ክዳን ከማር፣ የልጅ ጫማ ከማር፣ መድኃኒት ከማር። ታዲያ ፈቃዱን ሲሰጡን አንድ ነገር አስጠንቅቀውናል። ከማናችንም እጅ እሳት ካመለጠ ወይም ሳይጠፋ ከቀረ የሁላችንም ቀፎ ይወርዳል። የታችኛው መንደር እንዲህ ሆኖ ነው ወጣቱ ተጠራርጎ ከተማ የገባው፤ አሁን እዚያ ሄደሽ በር ብታንኳኪ የሚከፍትልሽ ሽማግሌ ብቻ ነው።

«ዝም በይ» አለኝ ባሌ፣ ጣቶቼን ይዞ። «ጋሼ ይሂዱ። ከዚያ ቀስ ብዬ እመለሳለሁ።»

«በምን ዓይንህ?»

መስኮቱ ላይ የተወጠረው ላስቲክ ተርገበገበ። ሌላ ቀን ቢሆን ነፋስ መጣልን ብለን ደስ ይለን ነበር። ዝናብ ከጠፋ ግን ሰንብቷል፤ ከአጥሩ ወዲያ ያለው ሣር ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። ፈራሁ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

የማኅበራችን ሊቀመንበር እትዬ፣ የጋሼን ማር ወደ ጠርሙስ እየገለበጡ ነው። ሴት ልጃቸው ከተማ ነርስነት ትማራለች። ከሚደርሳቸው ማር ላይ አንድ ጠርሙስ በሞላ ቁጥር «ይቺ የልጄ ናት» ይላሉ፤ እኛም እንስቅባቸዋለን። አሁንም ክዳኑን አጥብቀው፣ ጠርሙሱን በቀሚሳቸው ጠርገው ለጋሼ ሰጡ። እኔ ብናገር ያቺን ልጅ ከትምህርቷ ጎትቼ ማውጣቴ ነው። ባልናገርስ? ነፋሱ ላስቲኩን እንደገና መታው።

ጋሼ ተነሡ። «በሉ ደህና ዋሉ። አንተም እስኪሻልህ መስታወት እንዳታይ።»

ሴቶቹ ሳቁ። የጋሼ እጅ በሩ ላይ ሲደርስ አፌ እኔን ሳያማክር ተከፈተ።

«ጋሼ፣ ማጨሻውን እዚያው ጥሎት ነው የመጣው። አላጠፋውም።»

ሳቁ ቀጥ አለ። ባሌ ጣቶቼን ለቀቀ።

ጋሼ ሬዲዮናቸውን ከወገባቸው አወጡ፤ ግን ወዲያው አልተናገሩም። አውራ ጣታቸው ቁልፉ ላይ እንዳለ አንድ በአንድ አዩን። ሬዲዮው የሚሰማው ዋናው ቢሮ ድረስ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

«ምን ይጠብቃሉ?» አሉ እትዬ። ፊታቸው አመድ መስሏል። «ይናገሩ እንጂ። ነፋሱ እኛን አይጠብቅም።»

ጋሼ በሬዲዮው ተናገሩ። የባሌን ስም በሙሉ፣ ከነአባቱ ጠሩት።

ሳቂታ ለእሳት ማጥፊያ የሚሆኑ ጆንያዎችን የውኃ በርሜል ውስጥ እየነከረች ለእያንዳንዷ ሴት በእጇ ሰጠች። እኔ ጋ ስትደርስ የኔን መሬት ላይ አስቀመጠችው። አነሣሁና ተከትያቸው ሮጥኩ።

ያንን ዳገት ስንወጣ ለወትሮው ወሬያችን ከኛ ይቀድም ነበር። ዛሬ የሚሰማው ትንፋሻችንና ከጆንያዎቹ የሚንጠባጠበው ውኃ ነው። ጫፉ ላይ ስንደርስ ጫካው ከዳር እስከ ዳር ታየንና ቆምን። ቅጠሉ በነፋስ ይተኛል፣ ይነሣል። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ጭስ የለም።

«ተመስገን» አሉ እትዬ ጉልበታቸውን ይዘው፤ ሌሎቹም ተቀበሏቸው። ከጋሼ ወገብ ላይ ሬዲዮው ይጮኻል፤ ከቢሮ አንድ ሰው የየትኛው መንደር ቀፎ እንደሆነ ደጋግሞ ይጠይቃል። ጋሼ መሬት መሬት እያዩ የመንደራችንን ስም ነገሩት።

እኔ ግን ተመስገን ማለት አቃተኝ። ዓይኔ ከዛፍ ዛፍ ይዘላል። ምን እየፈለግኩ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ በሆዴ፣ መናገሬ በከንቱ እንዳይሆን አንዲት ቀጭን ጭስ አሳየኝ እያልኩ እየለመንኩ ነበር።