አስራ አራት ጥቁር ፍሬ

ዘሀራ የወተት ቆርቆሮውን ሰፌድ ላይ ገለበጠችና ፍሬዎቹን በጣቷ እየለየች ቆጠረች። ጤነኛ ቡና ሰባት፣ ጥቁር ቡና አስራ አራት። ተሳስቼ ይሆናል ብላ እንደገና ቆጠረች። ያው ነው። ጤነኛው ፍሬ «እንቀበል» ማለት ነበር፣ ጥቁሩ «ይቅርብን»።

ቀና ስትል ሃያ አንዱም ለቃሚዎች አንገታቸውን ደፍተው ቡናቸውን ይለቅማሉ። 

ለዚህ ነገር ሁለት ወር ሙሉ ሐጂ ሱፊያንን ደጅ ጠንታለች። ቦሳ ኪቶ ሰፈር ያለው የሐጂ የቡና መጋዘን በሳምንት ስድስት ቀን ይሠራል። የለቃሚዎቹ ኃላፊ እሷ ስለሆነች የወገባቸውንም የዓይናቸውንም ሕመም የምትሰማው እሷ ናት። ለሐጂ ንገሪልን አሏት፤ ነገረች። ሐጂ መጀመሪያ ሳቁባት፣ ቀጥሎ ተቆጧት፣ በኋላ ግን መጋዘኑ ሁለት ቀን ተጨማሪ ቢዘጋ የመብራቱም የጥበቃውም ጣጣ እንደሚቀልላቸው ሲያስቡት ለዘብ አሉ። በሳምንት አራት ቀን፣ በቀን አስር ሰዓት ሥራ፤ ክፍያው እንደነበረ ይቀጥላል፤ ከዓርብ እስከ እሁድ እረፍት። ብቻ ሴቶቹ ይጠየቁና ዛሬ ማታ ሳትወጪ መልሱን ንገሪኝ አሏት። አንዷ ሌላዋን ሳታፍር የልቧን እንድትመርጥ ብላ በፍሬ ያስመረጠቻቸው ራሷ ዘሀራ ናት።

«እሺ፣» አለች ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀምጣ። «ምስጢር ነው ብያችኋለሁ፣ መጠየቅም አይገባኝም። ግን ለሐጂ ምን ብዬ ልመልስላቸው?»

 ሁሉም ባንዴ ይናገሩ ጀመር። በየቀኑ ከሰቃ የምትመላለሰው ዩምና ጤነኛውን እንደጣለች አልደበቀችም። ለሚኒባስ መጋፋቱ በሳምንት ሁለት ቀን ቢቀርላት አስር ሰዓት ቀርቶ አስራ ሁለትም ብትሠራ ግድ የላትም። ሩፈይዳ ግን ልጇ ገና አምስት ወሩ ነው። አሁን ባለው የስምንት ሰዓት ሥራ እንኳ ጡቷ ሞልቶ ቀሚሷን እያረጠበው ነው ከዚህ የምትወጣው። ሦስት ቀን ሙሉ ቤት ሆነሽ ታጠቢው የለም ወይ አለቻት ዩምና። ሩፈይዳም ሕፃን ለአራት ቀን የሚሆነውን አስቀድሞ ጠብቶ አያጠራቅምም ስትል መለሰችላት። ከጊንጆ ማዶ የሚመጡት ሦስቱ ደግሞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ለመግባት ገና ሳይነጋ መንገድ መጀመሩን ፈርተውታል።

 የሁሉም ነገር እውነት ነው፤ የአንዷ ግን ከሌላዋ ጋር አይገጥምም። ዘሀራን የሚያናድዳት ደግሞ ሌላ ነው።

«የምታጠባው አንድ ናት፤ መንገድ የሚርቃቸው ሦስት፤» አለች። «የቀሩት አስሩ ምን ሆነው ነው?»

«ማሎ ዘሀራ፣ እባክሽ አትበሳጪ፣» አሉ እትዬ ብርሃኔ እጃቸውን ከለቀማው ሳያነሱ። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት እሳቸው ናቸው። «እኔም የጣልኩት ጥቁሩን ነው።»

«እርስዎ? ወገቤ አለቀ፣ ንገሪልኝ ብለው መጀመሪያ የላኩኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ነኝ። ሐጂ እሺ ሊሉ ነው ስትይኝ ደስ ብሎኝ ቤት ሄጄ ተናገርኩ። ጥፋቴ እሱ ነው።»

ከዚያ ረጋ ብለው ነገሯት። ባላቸው ዓርብ ካለሽማ እህል የምታስፈጪው ዓርብ ነው አሉ። ልጃቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስቱን ልጆቿን ላመጣልሽ ነው አለች። ያልታጠበ ልብስ፣ ያልተጠየቀ በሽተኛ፣ ያልተደረሰበት ለቅሶ ሁሉ በዚያው ምሽት ቀን ተቆረጠለት።

«ሁለቱ ቀን ገና እጄ ሳይገቡ አለቁ፣» አሉ። «እዚህ ወገቤን ያመኛል፤ እውነት ነው። ግን እቀመጣለሁ። ቤቴ ውስጥ የምቀመጥበት ሰዓት የለኝም።»

«እኔም እንደዚሁ» ያለ ማንም አልነበረም። የቀሩት ዘጠኙ ግን ቀና አላሉም።

ዘሀራ «ታዲያ ቤት ያሉትን አይሆንም አትሏቸውም ወይ?» ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። ባለፈው ሳምንት እሷም ቤቷ ነግራ ነበር። ባሏ ያኔውኑ አጋሮ ላለው ወንድሙ ደውሎ ከእንግዲህ ዓርብ ዓርብ ምሳ እኛ ጋ ነው ብሎ ጋበዘው። እሷም አብራ ስቃ ነበር።

ስልኳን አውጥታ ለሐጂ ደወለች። አልተቀበሉትም አለቻቸው። ሐጂ ሴትና እረፍት አይስማሙም ብዬሽ አልነበረም ብለው ሲስቁ ሰማቻቸው። ስልኩን ዘጋችው። አሁንም ተናዳለች፤ በማን እንደሆነ ግን ጠፍቷታል። ሰዓቷን አየች። አስር ተኩል።

«በቃ፣ ለዛሬ ይብቃችሁ፤» አለች። «ስለ ግማሽ ሰዓቱ ለሐጂ እኔ መልስ እሰጣለሁ። ቤታችሁ ሂዱ።»

ሩፈይዳ ሻርፗን ብድግ አድርጋ እየሮጠች ወጣች። ሌላ ማንም አልተነሳም። ሰፌዶቻቸውን ወደ ጎን ገፉ፤ አንዷ ጫማዋን አወለቀች፤ ዩምና የጆንያ ክምር ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች።

ዘሀራ ቁልፉን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። «አልሰማችሁኝም?»

«ሰምተናል፣» አሉ እትዬ ብርሃኔ። «ቤት የሚያውቁት ግን በአስራ አንድ ሰዓት እንደምንወጣ ነው።»

 ዘሀራ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ባዶ ጆንያ ጎትታ ከእትዬ ብርሃኔ አጠገብ አነጠፈችና እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች።