የጥፊው ቦታ

«እዚህ ነው!» አለ ባልታዛር፣ ከዘራውን ሣሩ ውስጥ ሰክቶ። «ድንጋዩ የቆመው እዚችው ላይ ነበር። ወዲህ ፖላንድ፣ ወዲያ ቼኮስሎቫኪያ።»

ወጣቷ ቀያሽ ካርታዋን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ እርሳሷን አነሳች። የወሰኑን ድንጋይ ናዳ ጠርጎ ገደል ከቶታል፤ የካርታው መስመር ደግሞ ውፍረቱ ብቻ ግማሽ መስኩን ይሸፍናል። ስለዚህ ሽማግሌ ይጠየቅ ተባለ። የሚጠየቀውም ያው ባልታዛር ነው፤ የባለወፍጮው ልጅ፣ ከተማ ወርዶ የተማረው። በግ ጠባቂውን ኢግናጺን ማን ሰው ብሎ ይጠይቀዋል? እሱ የተጠራው አካፋ እንዲይዝ ነው።

ኢግናጺ አካፋውን ተደግፎ ምንጩን አየ። የማዶ ወታደር እየሰደበው፣ ዕድሜ ልኩን በጎቹን ተደብቆ ያጠጣበት ምንጭ ነው። ባልታዛር ባለው ከተሄደ ምንጩ ወዲህ፣ ወደ ፖላንድ ይገባል። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

«ምነው ፊትህ ጠቆረ?» አለ ባልታዛር እየሳቀ። «ምንጭ ሰጠሁህ እኮ! እግዜር ይስጥልኝ አይባልም?»

«ካንተ እጅ ውሃ አልጠጣም።»

«ኧረ በቃህ! ሃምሳ ዓመት ሙሉ ኩርፊያ?»

ሃምሳ አራት ነው። ድንጋዩ የቆመ ዕለት ስምንት ዓመታቸው ነበር። አባቶች ወንዶች ልጆቻቸውን ይዘው ወጡ። የማይበሰብስ ነገር ምስክር ይሁን ተብሎ ከድንጋዩ ሥር ከሰልና የጠርሙስ ስባሪ ተቀበረ። ከዚያ በወጉ መሠረት እያንዳንዱ አባት፣ ቦታውን እንዳይረሳ ልጁን በጥፊ አለው። ባለወፍጮው ብቻ «የኔ ልጅ አይመታም» ብሎ ለባልታዛር ከረሜላ ሰጠ። ቀይ ከረሜላ። ሌሎቹ ጉንጫቸውን ይዘው ሲመጥ አዩት።

የኢግናጺ አባት እጅ የበግ ሞራና የጥድ ጢስ ይሸት ነበር። በዚያው ክረምት ግንድ ተንከባሎበት ሞተ። ፎቶግራፍ እንኳ አልነበረውም።

እርሳሱ ወረቀቱን ሊነካ ሲል «አይደለም» አለ ኢግናጺ።

«ምን አሉ አባባ?» አለች ቀያሿ።

«እዚህ አይደለም።»

ቁልቁለቱን ይዞ ወደ ምንጩ ወረደና ቆመ። ፊቱን ወደ ቀኝ ወርወር አደረገ፤ ልክ እንደዚያን ቀን። ምንም የለም። ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብሎ ደገመው። አሁን ከሁለት ተራሮች ጫፍ መሃል፣ ከሸለቆው ሥር፣ ያን ቀን ሲመታ ዓይኑ ያረፈበት የቤተ ክርስቲያኑ ነጭ የደወል ማማ ብቅ አለ።

«እዚህ ነው የመታኝ።»

«አንተ ጅል፣ ምንጩ እኮ ወዲያ ማዶ ሊቀር ነው!» ብሎ ጮኸ ባልታዛር።

«ይቅር።»

ቆፈረ። አራተኛው አካፋ ላይ አረንጓዴ የጠርሙስ ስባሪ ተንቃጨለ። ተንበርክኮ አፈሩን በእጁ ጠረገ፤ ከሰሉ ትናንት የተቀበረ ይመስል ጥቁር እንዳለ ነው። ቀያሿ የባልታዛርን ምልክት ሳትጠቀም እርሳሷን ይዛ ወደ ኢግናጺ ወረደች።

ባልታዛር ከዘራውን ነቅሎ መጥቶ ጉድጓዱን አየ።

«እኔ ትዝ የሚለኝ ከረሜላው ነው» አለ በመጨረሻ። «ቦታው... ቦታው እንዴት እንደጠፋብኝ እንጃ።»

ኢግናጺ በከሰሉ የጠቆረ መዳፉን ግራ ጉንጩ ላይ አድርጎ ማማውን እያየ ነበር። እጁን ሲያነሳ አምስት ጥቁር ጣቶች ፊቱ ላይ ቀሩ።